ስለዚያ ቅዳሜ የጠየቅሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለመክሊት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርዱ ሲገባ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። የፈረንሳዩ ቢያሪትዝ ተወላጅ የሆነው የሥራ ባልደረባሽ ያደግሽው አየርላንድ፣ ሊመሪክ መሆኑን ሲሰማ ሹካውን አስቀምጦ «2006!» ብሎ አፈጠጠብሽ፤ አንቺም የምትመልሺው አጣሽ። ይህን ያህል ዘመን ቁጭቱ ያልበረደለትን ሰው ቦርዶ ድረስ ሄደሽ ማግኘትሽ አሳቀኝ። «እኔ የማስታውሰው ትከሻህ ላይ ሆኜ ያየሁትን ቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ የቀረውን ጻፍልኝ» አልሽ። እነሆ ጻፍኩልሽ። መጨረሻው ላይ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ግን ግማሹ ላይ እንዳትተዪው።

ነገሩ የሊመሪኩ ቡድናችን ማንስተርና የእሱ ቢያሪትዝ በ2006 ለፍጻሜ የተገናኙበት የአውሮፓ ክለቦች የራግቢ ዋንጫ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የፈረንሳዩ ቱሉዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ስሙ በቢራው ስም ሄይነከን ካፕ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ስፖርትን በአልኮል ስም ማስተዋወቅ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ «ኤች ካፕ» ይሉት ነበር፤ ባልደረባሽ እንደዚያ ቢጠራው ግር አይበልሽ። በ2005 መጸው በተጀመረው ውድድር ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከዌልስ፣ ከስኮትላንድ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን 24 ቡድኖች ገቡ፤ አራት አራት እየሆኑ በስድስት ምድብ ተከፈሉ። የእኛ ማንስተር ከእንግሊዙ ሴል፣ ከፈረንሳዩ ካስትርና ከዌልሱ ድራገንስ ጋር ተደለደለ። (አጎትሽ እስከ ዛሬ ድረስ ማንቸስተር ይመስለዋል፤ ማረሙን ትቼዋለሁ።)

ያን ዘመን ለመረዳት የሊመሪክን ቁስል ማወቅ አለብሽ። በሌላው የአየርላንድ ከተማ ራግቢ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆች ጨዋታ ሲሆን እዚህ ግን የሐኪሙም የወደብ ሠራተኛውም ነው። ማንስተር በ2000 ለፍጻሜ ደርሶ ትዊክናም ላይ በእንግሊዙ ኖርዛምፕተን 9 ለ 8 ተሸነፈ። አንድ ነጥብ! የማንስተሩ ሮናን ኦጋራ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የመታት ቅጣት ምት በምሰሶው ጎን አለፈች። በ2002 ደግሞ ካርዲፍ ላይ የእንግሊዙ ሌስተር 15 ለ 9 አሸነፋቸው፤ ይኸኛው ግን ከሽንፈትም የባሰ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ማንስተር ከሌስተር መስመር አጠገብ ስክረም አገኘ። ስክረም ያው ስምንት በስምንት ተቃቅፈው እንደ በሬ የሚገፋፉበት ነው። ኳሷን ወደ መሀል የሚከተው ፒተር ስትሪንገር ነበር፤ ከቡድኑ ሁሉ አጭሩ፣ ፊቱ የልጅ። ልክ ሊከት ሲል የሌስተሩ ኒል ባክ በእጁ መትቶ ኳሷን ከስትሪንገር እጅ አስወጣት። ዳኛው በሌላው ወገን ቆሞ ስለነበር አላየም። እኛ በ2003 ሊመሪክ ስንገባ ይህ ታሪክ ትናንት የሆነ ያህል ይወራ ነበር። እኔ ሳህን በማጥብበት የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሰዎች ስለዚያች እጅ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ በለቅሶ ቤት እንደሚወራ።

የዚያ ዓመት ውድድርም የተከፈተው በሽንፈት ነው፤ በጥቅምት ሴል በሜዳው 27 ለ 13 አሸነፋቸው። በመሀል ያሉትን ጨዋታዎች ልለፋቸው። ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጥር 13፣ በእነሱ ጃንዋሪ 21 ቀን 2006፣ ሴል በተራው ሊመሪክ ወዳለው የማንስተር ሜዳ ወደ ቶመንድ ፓርክ መጣ። አብሮን የሚሠራ አንድ ምግብ አብሳይ ወንድሙ ስለታመመበት ትርፍ ትኬቱን ለእኔ ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ከሥራ ስለተፈታሁ ነበር።

ቆመን ነው ያየነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ በጥር ብርድ። ማንስተር የሩብ ፍጻሜውን ጨዋታ በአገሩ ለማድረግ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አራት ትራይ ማስቆጠር ነበረበት። ትራይ ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው፤ አራት ያገባ ቡድን በምድቡ ሠንጠረዥ ተጨማሪ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ሴል ውስጥ ሴባስቲያን ሻባል የሚባል ፈረንሳዊ አለ፤ ጸጉሩን የለቀቀ፣ እንደ ጎተራ የገዘፈ። ገና በመጀመሪያው ኳሷን ይዞ ሲንደረደር የማንስተሩ ፖል ኦኮኔልና ጓደኞቹ ደርሰው አፈፍ አደረጉትና እየገፉ ወደ መጣበት መለሱት። ሰውዬው ወደ ኋላ ሲሄድ ያየሁት ከእግሩ ይልቅ ፊቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የማያውቅ ሰው ፊት ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሳያውቁኝ አቀፉኝ።

ግን እኔን የማረከኝ ይህ አይደለም። የሴል ተጫዋች ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷን መሬት ላይ ሲያስተካክል ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔ ነገሩን ስለማላውቀው ማስቲካ የጠቀለለበትን ወረቀት ስከፍት የወረቀቱ ድምፅ ለራሴ ተሰማኝ። ሽማግሌው ክንዴን በሁለት ጣት ነካ አደረጉኝ፤ አልተቆጡም፤ «ይምታ፣ ከዚያ ትበላለህ» እንደማለት። እኔ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በዱላ ቅልጥሙን ተመትቶ የሚስቅ ባላባት አይቻለሁ። ሊያሸንፍህ ለመጣ ሰው ዝምታ መለገስ ግን አዲስ ሆነብኝ። እዚያ አገር እንግድነቴ ትንሽ የቀለለኝ ያን ዕለት ይመስለኛል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አሁንም በደንብ ማስረዳት አልችልም። አራተኛውን ትራይ ዴቪድ ዋላስ መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ አገባት። 31 ለ 9።

ሩብ ፍጻሜው ደብሊን ላይ ነበር፤ የፈረንሳዩን ፔርፒኞን 19 ለ 10 ረቱ። ቶመንድ ፓርክ በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ትንሽ ስለነበር ነው። በዚያው ዕለት የደብሊኑ ሌንስተር ቱሉዝን በገዛ ሜዳው 41 ለ 35 አሸንፎ ሁሉንም አስደነገጠ። ግማሽ ፍጻሜው ማንስተርና ሌንስተር ሆነ፤ ጎረቤት ለጎረቤት። ቀኑስ መች ዋለ መሰለሽ? ኤፕሪል 23፣ ሚያዝያ 15፣ የፋሲካችን ዕለት!

ከደብሊን የመጡ ሁለት ዘመዶቻችን ቤታችን ነበሩ። ስለ ራግቢ ፊደል አልቆጠሩም፤ ደብሊን ስለሚኖሩ ብቻ ሌንስተርን ደገፉ፤ ያውም የእናትሽን ዶሮ ወጥ እየበሉ። ሁለት ወር ጾመው ለፈሰኩት እንቁላል ማደል የእኔ ሥራ ነበር፤ ማንስተር ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር አንድ አንድ እንቁላል እቀንስባቸዋለሁ ብዬ ዛትኩ። 30 ለ 6 አለቀ። ኦጋራ ትራይ አግብቶ የማስታወቂያውን ሰሌዳ ዘሎ ደጋፊው መሀል ሲገባ አንቺ ከሶፋው ላይ ዘለልሽና ድፎ ዳቦው ላይ አረፍሽ። ዘመዶቻችን አሁንም በፋሲካ ሲደውሉ የሚያነሱት ዳቦውን ነው።

ቢያሪትዝ በበኩሉ ሜዳው ስለሚጠበው ትልልቅ ጨዋታውን ድንበር ተሻግሮ ስፔን ሳን ሴባስቲያን ይጫወት ነበር፤ የእንግሊዙን ባዝ 18 ለ 9 ያሸነፈው እዚያ ነው። የፈረንሳይ ሻምፒዮንም ነበር። ስለዚህ ባልደረባሽ ቢቆጭ አይፈረድበትም።

ፍጻሜው ቅዳሜ ሜይ 20፣ ግንቦት 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ካርዲፍ ላይ ሆነ፤ ያችው የ2002ቷ ስታዲየም። 74,534 ሰው ገባ፤ አብዛኛው የማንስተርን ቀይ የለበሰ። መሄድ ያልቻለው ሊመሪክ ኦኮኔል መንገድ ላይ በተተከለው ትልቅ ስክሪን ፊት ተሰበሰበ። እናትሽ የአረጋውያን መጦሪያው ተረኛ ስለነበረች ያን ቀይ የሱፍ ኮፍያሽን አድርጌልሽ እኔና አንቺ ወጣን።

ገና ሳንደላደል ፊጂያዊው ሲሬሊ ቦቦ ለቢያሪትዝ አገባ። መንገዱ ዝም አለ፤ ይህኛው የቶመንዱ ዓይነት ዝምታ አልነበረም። ለማንስተር ትሬቨር ሃልስቴድ መለሰ። ቀጥሎ የሆነውን ለባልደረባሽ ንገሪው፤ እሱም አይረሳውም። ከቢያሪትዝ መስመር አጠገብ ስክረም ሆነ። ኳሷን የያዘው ያው ስትሪንገር ነው። ስትሪንገር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ኳስ አቀባይ ነው፤ ይዞ አይሮጥም፤ ያቀብላል። ቦቦም ይህን ስለሚያውቅ ጥጉን ትቶ ወደ መሀል ሳብ አለ። ትንሹ ሰውዬ ኳሷን ከስክረሙ ሥር አንስቶ በዚያች ባዶ ጥግ ሾለከ። ማንም አልነካውም። በ2002 በዚያው ሜዳ ከእጁ ኳስ የተቀማ ሰው! አጠገባችን የነበረች ሴት «እሱ ነው? እሱ ራሱ ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር፤ እያየችው።

ዕረፍት 17 ለ 10 ሆነ። ከዚያ በኋላ የቢያሪትዙ ዲሚትሪ ያሽቪሊ ቅጣት ምቶቹን አንድ በአንድ እያገባ 20 ለ 19 አደረሰው። ልክ በዚያ ጭንቅ ሰዓት የካርዲፉ ስክሪን የእኛን መንገድ፣ የሊመሪክን ሕዝብ አሳየ፤ ስታዲየሙ በጩኸት ፈነዳ፤ ተጫዋቾቹም ቀና ብለው አዩ ይባላል። ኦጋራ ሦስት ነጥብ ጨመረ፤ 23 ለ 19 አለቀ። ዋንጫውን ያነሳው አምበሉ አንቶኒ ፎሊ ነው፤ አባቱ በ1978 ኒውዚላንድን 12 ለ 0 ካሸነፈው የማንስተር ቡድን አንዱ ነበር። አንቶኒ በ2016 የማንስተር አሠልጣኝ ሳለ ፓሪስ ሆቴል ውስጥ በ42 ዓመቱ ሲያርፍ አንቺ ለትምህርት ቤት ጥቁር ጥብጣብ ፈልገሽ ከእናትሽ የነጠላ ጥለት ልትቀድጂ ስትይ የተቆጣሁሽን ታስታውሺ ይሆናል።

አሁን ኑዛዜው። «ያን ዕለት በካርዲፍ ስክሪን ታይተናል» እያልኩ ነው ያሳደግኩሽ። አልታየንም። ውጤቱ እየተቀራረበ ሳለ ከትከሻዬ ጎንበስ ብለሽ «አባዬ፣ ሽንቴ» አልሽ። ያን ሕዝብ ሰንጥቀን አንድ ሱቅ ገባን፤ ባለሱቁ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል በአውራ ጣቱ የጓሮውን በር አሳየን። የኮፍያሽ ክር አገጭሽ ሥር ተቋጥሮ አልፈታ ብሎኝ ስታገል ከውጭ ጩኸቱ መጣ። ስንመለስ ሰው ሁሉ «አዩን! አዩን!» ይላል።

ማታ እናትሽ ከሥራ ስትገባ እንኳን አልተቀመጠችም። ከአረጋውያኑ ጋር ሆና በቴሌቪዥን ስታይ ነበር። «አየኋችሁ! ቀዩን ኮፍያ አየሁት፤ ለሴትዮዎቹ በጣቴ አሳየኋቸው!» አለች። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ሺህ ቀይ ኮፍያ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እሷን ግን ያን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር፤ «አዎ፣ እኛ ነን» አልኳት።

እስከ ዛሬ አላረምኳትም። አንቺም አደራ።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ በ2025 የአንቺው ቦርዶ ካርዲፍ ላይ ኖርዛምፕተንን 28 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የደወልሽልኝ ጊዜ ጩኸቱ ውስጥ ምን እንዳልሽ አልሰማሁም ነበር። እኔ የሰማሁት ኖርዛምፕተን መሸነፉን ብቻ ነው፤ የ2000ዋን አንዲት ነጥብ አስቤ ወጥ ቤት ገብቼ ለብቻዬ ሳቅሁ።