«ጥቁር» ሲባል የትኛው ጥቁር?

ውድ አዘጋጅ፣

አሜሪካ ውስጥ በኮቪድ ሆስፒታል ከተኙት መካከል የጥቁሮቹ ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳ እንደነበር የጻፋችሁትን ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ አነበብኩት። ጓደኛዬ «በቃ፣ አለቀልን» አለ። ቆይ እንጂ! ከምክንያቶቹ አንዱ አፖኤል-1 የሚባል ጂን ነው። አደገኛው ዓይነት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኘውም። የቆዳ ቀለም ብቻውን ምን ይነግረናል? አሜሪካኖቹም የኩላሊትን አቅም ሲያሰሉ ለጥቁር ታካሚ ብቻ ይጨምሩት የነበረውን ቁጥር በ2021 እ.ኤ.አ. አስቀርተውታል። ያ ቁጥር የታመመውን ኩላሊት ጤነኛ ያስመስለው ነበር፤ ጉድ ነው መቼም። ኩላሊትን የሚጎዱት ደም ግፊትና ስኳር ግን እኛም ቤት አሉ። እስቲ የኩላሊትን አቅም ስለሚያሳየው የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ