የዚያን ልጅ ስም ከዝርዝሩ አውጣው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ነገር የለም። በስልክ ሦስት ቃል ሳልናገር «እማዬ ልምምድ ደረሰብኝ» እያልክ ስለምትዘጋው ነው በወረቀት የጻፍኩልህ። ከእንጀራው ጋር አድርጌዋለሁ፤ ሽሮው እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልየዋለሁ።

እሁድ ዕለት የነገርከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ያ ከምታሰለጥናቸው የእግር ኳስ ልጆች መካከል ከኮንጎ የመጣው ትንሽ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከልምምድ ቀርቶ፣ ቅዳሜ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር አሰለፍከው። «እማዬ፣ ስንቱን ያየ ልጅ እኮ ነው፣ እንዴት ብዬ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ?» አልከኝ። ማዘንህ ደስ ይለኛል፤ ደንዳና ልጅ እንዳላሳደግኩ አየሁበት። ግን ትክክል አላደረግክም። ከእንግዲህ እንደዚያ ቀርቶ ከመጣ ስሙን ከአሰላለፍ ዝርዝሩ አውጣው።

እንዳትቆጣ። ጨርሰህ አንብበው።

ካኩማን፣ ያን የኬንያውን የስደተኞች ካምፕ ታስታውሳለህ አይደል? አንተ የምታስታውሰው ኳሱን ነው፤ ፌስታልና ጨርቅ በሲባጎ ጠፍራችሁ፣ በዚያ አቧራ ላይ በባዶ እግራችሁ ስትራገጡ የምትውሉትን። እኔ የማስታውሰው ሰሌዳውን ነው። ጠዋት ለደንበኞቼ ቡና አፍልቼ፣ ጀበናውን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ስም የሚለጠፍበት ሰሌዳ ጋ እሮጣለሁ። ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩ አሉ፣ ለሕክምና ምርመራ የሚጠሩ አሉ፣ ለበረራ የሚጠሩ አሉ። ከኛ በፊት የገቡት እዚያው ቀርተው ከኛ በኋላ የመጡት ሲሄዱ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አልነበረም። በጠዋት ብትነሳም ብትተኛም፣ ጨዋ ብትሆንም ባለጌ ብትሆንም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ነው። ካምፑ በ1992 የተከፈተው ከኢትዮጵያ ፒኝዶ ተነቅለው፣ ሱዳንን አቋርጠው በእግራቸው ለመጡት ልጆች መጠጊያ ተብሎ ነበር፤ እኛ ስንደርስ እዚያው ተወልደው እዚያው የወለዱ ሰዎች አገኘን። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብበት፣ ማድረጌም አለማድረጌም ለውጥ የለውም ብሎ ይደመድማል። ትልቁም ትንሹም እንዲህ ሆኖ ነበር። አንተም።

አሜሪካ መጥተን ክላርክስተን ከተማ ስንገባ ያ ነገር አብሮን ገባ። ትምህርት ቤቱ ዕድሜህን ቆጥሮ ሰባተኛ ክፍል አስገባህ፤ ሦስተኛን በቅጡ አልጨረስክም ነበር። ዕድሜህም ቢሆን የወረቀት ዕድሜ ነው። እኔ የወለድኩህ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ መዝጋቢው ግን ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈልህ። ኋላ የቡድናችሁን የተጫዋች ካርዶች ዳኛው እያገላበጠ ሲያይ፣ ከሶማሊያ የመጣው ጃንዋሪ 1፣ ከበርማ የመጣው ጃንዋሪ 1፣ አንተም ጃንዋሪ 1። ሰውዬው ቀና ብሎ ሲያያችሁ የሁላችሁም እናቶች ዳር ቆመን ስንስቅ ትዝ ይለኛል። ቋንቋችን ባይገናኝም ያቺን ቀልድ ሁላችንም ገባችን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በመጀመሪያ ቡድኑ ውስጥ የገባኸው በነፃ ስለነበር ነው። በዚህ አገር ልጅን ክለብ አስገብቶ ኳስ ማጫወት በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የመጣንበትን የአውሮፕላን ትኬት ብድር ገና በየወሩ እየከፈልን ነበር። ታኬታው ራሱ የሌላ ልጅ የነበረ ነው፤ ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅልለህ ነበር የምታደርገው።

ያችን የመጀመሪያ ጨዋታ ለማየት እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ጌይንስቪል ዶሮ ፋብሪካ ነበርኩ፤ ቫኑ ሌሊት አሥር ሰዓት ከበራችን ያነሣን ነበር። ከአንዲት የበርማ ሴት ጋር ተራ ተለዋውጬ፣ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ነጠላዬን ለብሼ መጣሁ። አንተ የሌሎቹን ጃኬት ታቅፈህ፣ የውኃ ጠርሙስ ከፊትህ ደርድረህ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። ሐሙስ ዕለት አርፍደህ ነበር። «ባቡሩ መንገድ ዘጋብኝ» ብለኸው፣ «ባቡሩ በየቀኑ ያልፋል» አለህ አሰልጣኙ።

ደሜ ፈላ። ሄጄ ልናገረው ብል እንግሊዝኛ የለኝም፤ አስተርጓሚ ከየት ይምጣ? አንተን ጠራሁህ። እኔ ስቆጣ አንተ አንገትህን ደፍተህ ታስተረጉማለህ። ያን ሁሉ ተናግሬ አንተ በሁለት መስመር ጨረስከው፤ ግማሹን እንዳልነገርከው ያኔውኑ አውቄያለሁ። የሱም መልስ አጭር ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሰዓቱ ከመጣ ይሰለፋል። አለቀ። ተሸነፋችሁ፣ ዳቦዬን በላችሁ፣ እሱም ቆርሶ በላ። አሁንም ቢሆን የሌሊት ሥራ ትታ ለመጣች እናት ትንሽ ለስለስ ማለት አይጎዳውም ነበር እላለሁ። በዚህ አልለወጥም።

የዚያን ሳምንት ግን ቤታችን ውስጥ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። የማንቂያ ሰዓቱን ብረት ድስት ውስጥ ከተትከው፣ ድምፁ እንዲጎላ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይንህ ከምድጃው ሰዓት አይነቀልም። ዓርብ ማታ አጥሩ ላይ የሚለጠፈውን የአሰላለፍ ዝርዝር አይተህ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልክ መጣህ። ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዝርዝር አይቻለሁ። ያ ግን ለምን እንደገባህበት የምታውቀው የመጀመሪያው ዝርዝር ነበር። በሰዓቱ ስለመጣህ ገባህ። ሌላ ምስጢር የለውም። አንተ ዛሬ ለዚያ ልጅ የነፈግከው ይኼን ነው፤ ቀርቶም ቢሆን ስሙ እንደሚኖር ካወቀ፣ ያንተም ወረቀት እንደ ካኩማው ሰሌዳ ምክንያት የሌለው ይሆንበታል።

ሌላው ደግሞ ማንኳኳቱ ነው። አንድ ሰው ካረፈደ ሁላችሁም ሜዳውን ትዞራላችሁ የሚል ሕግ መጣ። በማግስቱ ከታች ያለው የበርማ ልጅ በራችንን ደበደበው፤ ከኋላው ሶማሌው ቆሟል። አንተ አንድ እግርህ ላይ ካልሲ፣ እጅህ ላይ ዳቦ ይዘህ ወጣህ። ከዚያ በኋላ ለልምምድ ብቻህን የሄድክበትን ቀን አላስታውስም። ኳሱን ስለምትወዱ ብቻ ብትሆኑ ኖሮ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ትሄዱ ነበር። እግራችሁን ከመሮጥ ለማዳን ብላችሁ የሰው በር ማንኳኳት ጀመራችሁ፣ ቆይቶ የሶማሌው እናት ሳምቡሳ ስትልክ እኔ አምባሻ እልካለሁ። ስትታመም ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። በዚህ አገር «የኛ ሰው» የምለው ሰው እንዲህ ተገኘ።

አሰልጣኝህ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም ያለውን ነገር ግን እስከ ዛሬ ግማሽ ልቤ አልተቀበለውም። ምክንያቱን አስረድቶኛል፤ ሁለት ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ሲንሾካሾኩ ሦስተኛው ስለኔ ነው ይላል፣ ቡድኑ በየአገሩ ይከፈላል። ይገባኛል። ቢሆንም አንተ ጎል አግብተህ ወደኔ ዞረህ «እማዬ!» ስትል ቅጣት የለውም ነበር፤ እሱም የሰማ አይመስልም።

ይህ ጥብቅነት ያንተ አሰልጣኝ የፈጠረው እንዳይመስልህ። እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ በ2004፣ ሉማ ሙፍለህ የምትባል የዮርዳኖስ ተወላጅ እዚሁ ክላርክስተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስደተኛ ልጆች በባዶ እግራቸው ሲጫወቱ አይታ ቡድን ሠራችላቸው። እሷም በስደት የቀረች ናት፤ ማዘን አልጎደላትም። ግን ልጆቹን ውል አስፈረመች፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ ኳስ፤ ያረፈደ አይጫወትም። በ2006 ደግሞ የከተማው ከንቲባ ሚላም ፓርክ ውስጥ እግር ኳስ እንዳይጫወቱ ከለከሉ፤ ሜዳው ለቤዝቦል ነው ተባለ። ጉዳዩ በጋዜጣ ወጥቶ አገር አወቀው። አሁን እናንተ እዚያ ሳር ላይ ስትንከባለሉ፣ ያኔ የነበሩት ልጆች ከሜዳ ሜዳ ሲባረሩ እንደነበር ለትንንሾቹ ንገራቸው። በኋላም ስደተኞቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፍታለች። ያ ሁሉ ከአንዲት ጥብቅ ሴት ነው የተነሣው።

ሰዎች ደግሞ አልፎንሶ ዴቪስን ይልኩልኛል፤ ጋና ውስጥ ስደተኛ ካምፕ ተወልዶ፣ ካናዳ ኤድመንተን አድጎ፣ ባየርን ሙኒክ የገባውን። የካኩማው ልጅ አወር ማቢልም በ2022 ፔሩ ላይ ከመለያ ምቶቹ አንዱን አስቆጥሮ አውስትራሊያ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ የካምፕ ጓደኞቼ ሁሉ ስልኬን ሊያቃጥሉት ነበር። እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ለነዚያ ልጆች ይህን እያሳየህ አታሳድጋቸው። ከሺው አንዱ እንኳ አይደርስበትም፤ ያልደረሰበት ደግሞ የወደቀ ይመስለዋል። አንተ ተከላካይ ሆነህ፣ ፈጣን ሳትሆን፣ አንድም ክለብ ሳይጠራህ ነው ያደግከው። አምበል የሆንከው ጎበዝ ተጫዋች ስለነበርክ ሳይሆን ሁሌም ቀድመህ ስለምትገኝ ነው፤ ይቅርታ፣ እውነቱን ነው።

የኛ ሰዎችም ቢሆኑ ይህን ያውቁታል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሲጀመር በየከተማው የተበተነ ስደተኛ ነው ቡድን ይዞ የተሰባሰበው። ዛሬ በጁላይ 4 ሳምንት ሰው የሚጎርፈው ለዘፈኑና ለክትፎው ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ኳሱን የሚያይ ጥቂት ነው። ግን በየዓመቱ ማልያ የሚያጥብ፣ ሜዳ የሚከራይ፣ በሰዓቱ ያልመጣውን የሚቆጣ ሰው ባይኖር ኖሮ ክትፎውም አይኖርም ነበር።

አሁን ስለዚያ ልጅ። ለምን እንደቀረ ጠይቀኸዋል? አንተ ያየኸው ያለፈበትን ነው፤ እኔ ደግሞ አሁን ያለበትን አጣርቻለሁ። ያሉት እኛ ከነበርንበት ሕንፃ ጀርባ ነው፤ እናቱ የከሰዓት ፈረቃ ትገባለች፣ ሁለቱን ትንንሽ እህቶቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ታዲያ ሰነፍ አይደለም፣ ያዘነም አይደለም፤ ሞግዚት ነው። ይህን ሳታውቅ ብታሰልፈውም ብታስቀረውም ያው ነው፤ ማክሰኞ ልምምድ ቢመጣ፣ እህቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ማን ሊይዛቸው ነው?

ሕጉን አትለውጥለት። ጥናት ሰዓት ይገኝ፣ ልምምድ ይምጣ፣ ካልመጣ አይሰለፍ፤ ለሌሎቹ እንደሆነው። አንተ ደግሞ ሁለት ልጆች መርጠህ ሲመጡ በሩን እንዲያንኳኩለት አድርግ። የመጀመሪያውን ቀን ራስህ ሂድ፤ እናቱ ፊትህን ትየው፣ አሰልጣኝ ነኝ የሚል ወጣት ሁሉ አይታመንም።

እህቶቹን እኔ እይዛቸዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ሥራ የምገባው ማታ አራት ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ደግሞ እንቅልፌን እጨርሳለሁ። ልምምዱ ሲያልቅ ልጁ መጥቶ ይውሰዳቸው። ለትንሿ ወተት ይስማማት እንደሆነ እናቱን ጠይቃት፤ ካልሆነ አጥሚት እሠራለሁ። ስልኬን ጽፈህ ስጣት፣ ፈረንሳይኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማትችል ከሆነች ደግሞ ፎቅ ላይ ያለችው የኮንጎ ሴት ትደውልልኝ።

ቅዳሜ ጨዋታው ስንት ሰዓት እንደሆነ ላክልኝ። ባዶውን የእንጀራ ሳህን መልስልኝ፤ ያለፈውንም አልመለስክም።

እናትህ