የኮምፓይለር ትምህርት ከሰሌዳ ወደ ኮምፒውተር ይውረድ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። የኮምፓይለር ኮርስ (ኮምፓይለር የተጻፈ ፕሮግራምን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው) እኔ ራሴ ስማረውም ሆነ በኋላ ለዓመታት ሳስተምረው በሰሌዳና በወረቀት የሚያልቅ ትምህርት ነበር። ተማሪው የሰዋስው ሕጎችን ያጠናል፣ ሠንጠረዥ ይሞላል፣ ፈተናውን ያልፋል፤ ሆኖም አንድም ኮምፓይለር በእጁ ሳይሠራ ይመረቃል። ይህ እንዲለወጥና እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትንሽ ኮምፓይለር ሠርቶ እንዲመረቅ ለመጠየቅ ነው የምጽፈው።

ሐሳቡን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ኮምፓይለር ለተማሪ ከባድ ነው» የሚል ነው። በአይቢኤም የጆን ባከስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የፎርትራን ፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር ዓመታት የፈጀ ሥራ ስለነበር ስጋቱ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ለማስተማሪያ ብቻ የታሰበ ፒኤል ዜሮ የተባለ ቋንቋ አቅርቦ ነበር። ቋንቋው ከሙሉ ቁጥር በቀር ሌላ የዳታ ዓይነት የለውም፤ የተከለሉ ቃላቱ፣ ማለትም ቋንቋው ለራሱ ትእዛዞች የያዛቸው ቃላት፣ 11፣ ኮዱ የሚሠራበት ምናባዊ ማሽን ትእዛዛትም 8 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለውን ኮምፓይለር ሁለት ተማሪዎች በአንድ መንፈቅ ዓመት መጨረስ ይችላሉ፤ በክፍሌ አይቻለሁ።

ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድም ማንም ተማሪ ከልጅነቱ ያውቃል። ፓርሰር፣ ማለትም የፕሮግራሙን ሰዋስው የሚተነትነውን የኮምፓይለር ክፍል፣ ሲጽፍ ግን ቅደም ተከተሉ የት እንደሚኖር ያገኘዋል፤ መደመርን የሚያነበው ፕሮሲጀር (የፕሮግራም ንዑስ ክፍል) አስቀድሞ ማባዛትን የሚያነበውን ስለሚጠራ ነው። ለ2 + 3 × 4 የሚወጣው ኮድ 2ን፣ 3ን እና 4ን በስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ በሚወጣበት የማስታወሻ ክምር) ላይ ይደራርባል፤ የማባዛት ትእዛዝ የላይኛዎቹን ሁለቱን አንሥቶ 12 ይተካል፣ የመደመሩ ትእዛዝ 14 ያደርሳል። የስሌት ትእዛዙ ከቁጥሮቹ በኋላ መምጣቱ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ከማስቀመጡ ጋር ይመሳሰላል፤ «ሁለትና ሦስትን ደምር» እንደማለት ነው።

ይህ መመሳሰል ነው ተማሪዎቼ የተከለሉትን ቃላት በአማርኛ እንዲተኩ እንድጠይቅ ያነሣሣኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር ወደሚመዘግበው መስፈርት) ስለገባ ፊደሉን ማንበብ አላስቸገራቸውም፤ አራት ነጥብንም የዓረፍተ ነገር ማብቂያ አደረጉት። ያስቸገራቸው የቃላቱ ቦታ ነበር። «if» ወይም «while» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቅድመ ሁኔታውን ገና ከመነሻው ስለሚያሳውቅ ፓርሰሩ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ «ነጥብ < 50 ከሆነ» በሚለው ውስጥ ግን መልሱ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ተማሪዎች የሁኔታውን መነሻ አድራሻ መዝግበው፣ ኮዱን አስቀድመው አውጥተው፣ «ከሆነ» ወይም «እስከሆነ ድረስ» ሲያዩ ብቻ የሚቀጥለውን መወሰን እንደሚቻል ደረሱበት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በየትኛውም የወረቀት ፈተና ላይ አንሥቼ አላውቅም።

ሌላው ችግር ድምፃቸው ተመሳሳይ የሆኑ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሥራ» ብሎ ያወጀውን ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበትን ስም) ቆይቶ «ስራ» ብሎ የሚጠራ ተማሪ ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሰጥቷል። አንዳንዶቹ ሌክሰሩ (ፊደላትን ወደ ቃላት የሚከፋፍለው የኮምፓይለር ክፍል) ፊደላቱን በዝምታ አንድ ያድርጋቸው አሉ፤ እኔ ግን «ስራ የሚባል ስም አልታወጀም፤ ሥራ ለማለት ነውን?» የሚል የስሕተት መልእክት ይሻላል እላለሁ፤ ለጀማሪ ግልጽ መልእክት መጻፍ ራሱ ከኮምፓይለር ሥራ ትልቁ ክፍል ነውና።

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ተራ ላፕቶፕና በነፃ የሚገኝ የሲ ወይም የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ይበቃል፣ የማያቋርጥ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችና ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጁ አካላት ከኮርሱ ሰዓት ቢያንስ ግማሹን ለዚህ ሥራ እንዲመድቡ፣ የማለፊያ ነጥቡም ከሠንጠረዥ መሙላት ይልቅ በሚሠራ ኮምፓይለር ላይ እንዲመሠረት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ