«እንቅልፍ አምጪው» ፔፕታይድ፦ ስሙና ማስረጃው አይገናኙም

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፣

ዲኤስአይፒ (የዴልታ እንቅልፍ አምጪ ፔፕታይድ) የተባለው የአንጎል ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት፣ በበይነ መረብ ሱቆች «የተፈጥሮ እንቅልፍ መርፌ» እየተባለ ይሸጣል። በጤና ዓምዳችሁ ስለ እንቅልፍ ማጣት ስትጽፉ ይህን ነገር መንካታችሁ ስለማይቀር፣ ከስሙ ጀርባ ያለው ማስረጃ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አንባቢ ሊያውቅ ይገባል።

በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባዝል፣ ስዊዘርላንድ የተመራማሪዎቹ የሞኒዬና የሾነንበርገር ቡድን ታላመስ የተባለውን የጥንቸሎች የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ እያነቃ አስተኛቸው። ከአንጎላቸው የሚመለሰውን ደም አጣርቶ ለሌሎች ጥንቸሎች ሲሰጥ፣ የጥልቅ እንቅልፍ ምልክት የሆነው የዴልታ ሞገድ ጨመረ። ከደሙ ተለይቶ የወጣው 9 አሚኖ አሲድ ያለው አጭር ሰንሰለት ነው፤ ስሙም ከዚያ ሙከራ ተወሰደ። ይሁንና ፔፕታይዱን የሚሠራው ጂንም ሆነ በሕዋሳት ላይ የሚያርፍበት ተቀባይ እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም። «የእንቅልፍ ሆርሞን» ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሰው ላይ የተሞከረው በደም ሥር ነው፤ የተለመደው መጠን ለ70 ኪሎ ሰው ወደ 1.5 ሚሊግራም ይደርሳል። በ1992 በወጣ ጥናት ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የነበረባቸው 16 ሰዎች ያገኙት ለውጥ ትንሽ ነበር። በሕመም ረገድ፣ አይጦች አንጎል ውስጥ ሲሰጥ ሕመም ያደነዝዛል፤ የሞርፊን መሰል መድኃኒቶችን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ይህን ስለሚሽረው፣ እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩበትን የኦፒዮይድ መንገድ ሳይነካ አይቀርም። በ1984 የሕመም ሙከራ ከ7 ታካሚዎች 6ቱ ቀለል ብሏቸዋል፤ ግን 7 ሰው ብቻ ነው! በውጥረት ላይ ያሉት ውጤቶች ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። ሕመሙ የቀለለለት ሰው በዚያው እንቅልፉም ይሻሻላልና፣ እንቅልፍን፣ ሕመምንና ውጥረትን ለይቶ ያልለካ ጥናት መድኃኒቱ የቱን እንደነካ አይነግረንም።

ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው «ንጽህና 99%» ፔፕታይዱ ከሌሎች ኬሚካሎች ምን ያህል እንደጠራ እንጂ ከጀርም ነጻ መሆኑን አያሳይም፤ የባክቴሪያ መርዝ ቢኖርበት ትኩሳትና ብርድ ያመጣል። ሌላው አደጋ ስሌት ነው። 5 ሚሊግራም ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲሟሟ፣ በተለመደው የኢንሱሊን ስሪንጅ እስከ ቁጥር 10 መስመር (0.1 ሚሊ ሊትር) ያለው 250 ማይክሮግራም ይሆናል፤ በ1 ሚሊ ሊትር ያሟሟ ሰው ግን በዚያው መስመር 500 ይወጋል። የስሪንጁ ቁጥር የፈሳሽ ልክ እንጂ የመድኃኒት ልክ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ይህን ፔፕታይድ በፋርማሲ ተቀምሞ ቢሰጥ የደህንነት ስጋት ሊያስከትሉ ከሚችሉ ንጥረ ነገሮች ተርታ አስቀምጦት ነበር።

ፔፕታይዱ በዓምዳችሁ ሲነሳ የጥናቱ ተሳታፊዎች ቁጥርና የአሰጣጡ መንገድ አብረው ይታተሙ። ከ3 ወር በላይ እንቅልፍ ላጣ አንባቢም በቅድሚያ የሚመከረው መርፌ ሳይሆን ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና መሆኑ ይጻፍለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ባለሙያዎች