እማዬ፣ 13 ሰዓት ነው ያሉሽ እውነት ነው

እማዬ፣ ሰላምታውን በስልክ አድርሰናል፣ አልደግመውም። ብሩን ትናንት ልኬዋለሁ። ለእህቴ ሰርግ፣ ለድንኳኑና ለሰንጋው ይበቃል ብዬ ነው፣ ከጎደለ ለሚጣ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ።

የምጽፍልሽ ግን ለብሩ አይደለም። ባለፈው «አውሮፕላኑ 13 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጅበት አሉ፣ ታዲያ እንዳትመጣ ምን ይዞህ ነው?» ስትይኝ መልስ አጣሁና ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ይቅር በይኝ።

የጎረቤታችን ልጅ የነገረችሽ ልክ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ካለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ይነሳል። አንቺ ጋ ያኔ ማታ 12 ነው፣ እራትሽን በልተሽ፣ ተኝተሽ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስትነሺ እሱ ቦሌ ደርሷል። በታክሲዬ ስንቱን ሸኝቻለሁ መሰለሽ። በቀደም አንዲት እናት ሻንጣቸውን ሳወርድላቸው አቅፈው ሳሙኝ፣ ነጠላቸው አንቺን አንቺን ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ መንዳት አቃተኝ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ።

ከደሴ አዲስ አበባ የመጣን ጊዜ ትዝ ይልሻል? 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፣ ጣርማበር ላይ ሲበርደኝ ነጠላሽን ደረብሽልኝ። የአሁኑ የዚያን ሃያ ዘጠኝ እጥፍ ነው፣ በሰዓት ግን ብዙም አይበልጠው። ስለዚህ ሩቅ ነው ብዬ ላታልልሽ አልችልም።

መምጣቱ አይደለም የከበደኝ እማ፣ መመለሱ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ሲመለስ 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁን ጢም አድርጎ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፣ ነፋሱም ከፊት ነው የሚመጣበት። እኔ ደግሞ ወረቀቴ ገና አላለቀም። አሁን ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ያልኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም! ጤና ነኝ፣ እበላለሁ፣ ቤቴ ይሞቃል። እንቅልፍ ብቻ ትንሽ... እሱም ደህና ነው። ለሚጣ ከሰርጉ በፊት እንዳትነግሪያት።

ሚጣ ልታገባ ነው! ስሄድ ዩኒፎርም ለባሽ ነበረች እኮ። ጉልበት ስትስም በአባዬ ቦታ ማን ይቀመጣል? እኔ ነበርኩ መቀመጥ ያለብኝ፣ አውቃለሁ። አጎቴ ይቀመጥ፣ የአባዬን ጋቢ አልብሱት።

የግፊት ኪኒንሽን በሰርግ ግርግር እንዳትረሺው። «ተሽሎኛል» ብለሽ ደግሞ እንደ አምናው እንዳታቋርጪው፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ለዳግማይ ትንሣኤ የሰዓታችን ልዩነት ሰባት ነው። ሰርገኛው ረፋድ 5 ሰዓት ሲመጣ እዚህ ሌሊት 10 ይሆናል። አልተኛም። ስልኩን ለአንዷ ሚዜ ስጪልኝና በሩ ጋ ትቁም፣ ሚጣ ስትወጣ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅሽ