እንሰት የምንፍቀው ቅዳሜ ነው

ውድ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

በጋራው ጓሮ ስድስት ዓመት የጠበቅናቸው አምስት እንሰቶች አበባ ማውጣት ስለጀመሩ ቅዳሜ ጠዋት እንፍቃለን። «ፍቂያ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድም ካለ የቀርከሃ መፋቂያ ተዘጋጅቶለታል።

ባለፈው ቆጮ የምንቀብርበትን ጉድጓድ በደንብ ሳንሸፍን ቀርተን አየር ገብቶበት ቆጮው ጠቁሯል፤ ጥፋቱ የሁላችንም ቢሆንም የእኔ ይበዛል። አሁን ጉድጓዱን ውስጡንም ላዩንም በእንሰት ቅጠል ደራርበን እንሸፍንና ድንጋይ እንጭንበታለን።

ከተፋቀው እንሰት የተጨመቀውን ውኃ እባካችሁ ቶሎ አትድፉት። ረግቶ ከሥር የሚቀረው ነጩ ቡላ ነው፤ የመጀመሪያው ገንፎ ለጎረቤታችን አራስ ይሁን። ቃጫውም አይጣል፣ ገመድ እንገምድበታለን።

ምሳ አምና ከቀበርነው ቆጮ ጋር ጎመንና አይብ ነው። ጎመኑን ከየጓሮአችሁ አምጡ፤ ቢላዋም አትርሱ።