ደብዳቤ ለልጄ፦ ከስሯ ሳታይ እንዳትገዛ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርድ ሲሆን ካልሆነ አያስቸግረኝም።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ለዳገት ውድድርህ ሎተስ ኤሊዝ የምትባለውን ያቺን ቢጫ መኪና ልትገዛ ከባንክ ብድር ጠይቀሃል። ሻጩም "ሌላ ገዢ አለኝ፣ እስከ እሁድ ወስን" ብሎሃል። አንተም በፎቶ ብቻ አይተህ ቀብድ ልትልክ ነው። በስልክ ብነግርህ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ልጄ፣ ከስሯ ሳታይ እንዳትገዛ።

አትወዳደር አልልህም። ሐምሌ ላይ በርሚንግሃም የመጣሁ ጊዜ የዳገት ውድድሩ ቦታ ሼልስሊ ዎልሽ ወስደኸኝ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ሰፈር "ልጅሽ መኪና ይሽቀዳደማል አሉ" እያሉ ሲያስፈራሩኝ ከርመው ነበር። መኪና ከመኪና ሲጋፋ የማይ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። አንድ መኪና ብቻውን ይወጣል፣ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። መንገዱም 1000 ያርድ፣ በሜትር 914 ነው። ከ1905 ጀምሮ በዚያው መንገድ ይወጣሉ ስትለኝ ገርሞኛል። በእነሱ 1905 እኮ ምኒልክ ገና በዙፋን ላይ ነበሩ። የእኔ እኩያ የሆነች ሴትም ስትወጣ አይቻለሁ። ከቤቷ በነዳችው መኪና ተወዳድራ፣ በዚያው መኪና ወደ ቤቷ ሄደች። እሷን ሳይ ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ልቤን የነካው ግን መነሻው ላይ ያየሁት ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት አንዱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ጎማዋ ስር ታኮ አደረገላት። ታኮ! አገሩ ሰልጥኖ ሰልጥኖ ዳገት ላይ የሚያቆመው ያው ታኮ ነው። አረንጓዴ መብራት ሲበራ ደግሞ ሰዎቹ አይደነብሩም። ሰዓቱ የሚጀምረው መኪናዋ መነሻው ላይ ያለውን ጨረር ስትቆርጥ ስለሆነ፣ ሹፌሩ እስኪዘጋጅ መቆየት ይችላል። ውድድሩ ራሱ አትቸኩል ይልሃል። አንተ መኪናዋን ለመግዛት ምን አስቸኮለህ?

አሁን ሒሳቡን ልንገርህ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስሸጥ እንዳሳደግኩህ አትርሳ። ፍሬን ሸራ ካርቶኑን ሳልከፍት ኦሪጅናል ይሁን አይሁን የማውቅ ሴት ነኝ። አንተ ራስህ እንደነገርከኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆይተህ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ አራቴ ነው። ሁለቱ ልምምድ፣ ሁለቱ በሰዓት። አንዱ ዙር አርባ ሰከንድ ገደማ ቢሆን አራቱ ተደምረው ሦስት ደቂቃ አይሞሉም። ጠዋት የተበላሸች መኪና እነዚያን ሦስት ደቂቃዎችም ትከለክልሃለች። ለእነሱ ብለህ የዓመታት ዕዳ ትገባለህ? በኪራይ ቤት እየኖርክ?

ኤሊዝ መጥፎ መኪና ናት ማለቴ አይደለም። በ1996 የወጡት የመጀመሪያዎቹ 720 ኪሎ ገደማ እንደሆኑ አውቃለሁ። ለዳገት ደግሞ ቅለት ከጉልበት ይበልጣል። ግን ሻንሲዋ በማጣበቂያ የተያያዘ አሉሚኒየም ነው። ከተጎዳ በመዶሻ የሚቀና፣ በብየዳ የሚጠገን ላሜራ አይደለም። የፊት ገላዋ አንድ ወጥ ትልቅ ፋይበር ነው። መታጠፊያ ላይ አንዴ የመንገዱን ዳር የጎማ መከለያ ብትነካ ወጪው ያስለቅስሃል። "አትዝግም" ብሎሃል አሉ ሻጩ። ገላዋ አይዝግም። ጎማ የሚሸከሙት የስር ብረቶቿስ? እነሱን ፎቶ አንስቶ ልኮልሃል? አልላከም። ለዚህ ነው ከስሯ ሳታይ እንዳትገዛ የምልህ።

የእኔ ምርጫ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ናት። ሞተሯ 1.6 ወይም 1.8 ሊትር የሆነችው። ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ አላውቅም። የኋላ ጎማዎቿ ስለሚገፏት ዳገት ላይ ስትነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ መሬት ትይዛለች። የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ቶን በታች ናቸው። ዕቃዋ በሽ ነው፣ ርካሽም ነው። የዚያች ኤሊዝ ዋጋ ሦስት ማዝዳ ይገዛል። ሬኖ ክሊዮ 182ም ጎበዝ ናት፣ ሁለት ሊትር ሞተር አላት። ግን የፊት ጎማዎቿ ናቸው የሚጎትቷት፤ ዳገት ላይ ስትነሳ መሬቱን እየፋቀች ጊዜ ታባክናለች። ቺንጋዋም ጊዜው ሲደርስ ካልተቀየረ ሞተር ይዞ ይሄዳል፣ ማስቀየሪያው ደግሞ ውድ ነው። ክሊዮ ከሆነች ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቅ። "ተቀይሯል" የሚል ቃል ደረሰኝ አይደለም።

ቶዮታ ኤምአር 2ንም ጠቅሰህልኝ ነበር። ከ1999 በኋላ የወጣችውን፣ ሞተሯ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን። ቀላል ናት፣ 140 ፈረስ ጉልበት አላት። ግን የመጀመሪያዎቹ ዘይት ይበላሉ። ጭስ ማውጫዋ መነሻ ላይ ያሉት ጭሱን የሚያጣሩ ትንንሽ ካታሊስቶችም እየተፈረፈሩ ወደ ሞተሩ ተመልሰው ይገባሉ። ካየሃት የዘይት መለኪያዋን ሳብ አድርገህ ስንት እንደቀራት ተመልከት። የጎደለ ዘይት ይዞ ገዢ የሚቀበል ሰው መኪናውን እንዴት እንደያዘ ከዚያ ታውቃለህ።

ማዝዳዋም ብትሆን ጠላት አላት፣ ዝገት። የሸራ ጣሪያዋ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በቅጠልና በአቧራ ይደፈናሉ። ያኔ የእናንተ የማያባራ ዝናብ ከበሩ ስር ባለው ላሜራ ውስጥ ይተኛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላታል። ከላይ ቀለሟ ያበራል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ከኋላ ፓራፋንጎ አጠገብ በበሩ ስር አስሂደው። የሚይዘው ላሜራ ነው። የሚንሸራተትበት ቦታ ስቱኮ ነው። ስቱኮ ካገኘህ አመስግነህ ሂድ፣ አትከራከር። ከ1998 በኋላ የወጣችው ሁለተኛዋ ሞዴል ከሆነች ደግሞ ከፊት ሞተሩን የሚሸከሙትን ሁለት የሻንሲ ብረቶች እይ። እነሱም ይበሰብሳሉ፣ እነሱም የሚታዩት ከስር ነው።

"ጋሼ ታኮ" የምትለው የአባትህ ረዳት ትዝ ይልሃል። ፋሲካ ሲመጣ የግራ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ የሚቀመጠው። ሁለት ጣት እንደሌለው ታውቃለህ። እንዴት እንዳጣቸው ግን በልጅነትህ አልነገርንህም። ለልጅ የሚወራ አልነበረም።

አባትህ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከአሰብ የሚጭንበት ዘመን ነው፣ ተሳቢ እየጎተተ። አንተ ተወልደህ አርባ ቀንህ እሁድ ይሞላል። እሱ ሐሙስ ኮምቦልቻ ሲደርስ መኪናው ተበላሸችበት። ባለንብረቱ ሌላ ኤንትሬ ሰጠው። ገና ከጋራዥ የወጣች፣ ሰማያዊ ቀለም አዲስ የተቀባች፣ ግንባሯ ላይ የማርያም ሥዕል ያለባት። አባትህ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ካርቶን አንጥፎ ከስር ይገባ ነበር። ዝናብም ቢሆን ይገባል። ያን ቀን አልገባም። መኪናዋ አማረችው። ልቡም ክርስትናህ ላይ ነበር።

ደብረ ሲናን አልፈው የጣርማ በርን ዳገት ሲያጋምሱ ጉም ወረደ። ከፊት የተበላሸ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቷል። አባትህ ቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ። ብዙ ቆዩ። የአየር ቱቦዋ ከስር ተሰንጥቆ ኖሮ አየሩ ቀስ እያለ ወጥቶ አልቋል። ይህን ማንም አላወቀም። ከዚያ ከስር ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ነው፤ ከአዲሱ ቀለም ውስጥ ዝጎ አልቆ ነበር። መኪናዋ ከነጭነቷ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። አባትህ የእግር ፍሬኑን ቢረግጥ ባዶ ነው። ከኋላ ገደል አለ፣ ከገደሉ በፊት ደግሞ ሰው የጫነ ፒካፕ ቆሟል።

ጋሼ ታኮ ዘሎ ወረደ። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ዘሎት አለፈ። ሁለተኛውን በሁለት እጁ ይዞ ከጎማው ስር ሰነቀረው፣ እስኪይዝ ድረስም አልለቀቀውም። መኪናዋ ቆመች። ፒካፑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን እንደተረፉ እንኳ ሳያውቁ እልል እያሉ ሲወርዱ፣ እሱ እጁን ከታኮው ማላቀቅ አልቻለም ነበር።

አባትህ እሱን ሆስፒታል አስገብቶ ሰኞ ማታ ቤት ገባ። አንተ እሁድ ክርስትና ተነስተህ ነበር። ቄሱ "አባቱ የት አለ?" ሲሉ እኔ መንገድ ላይ ነው አልኩ። አንተን ታቅፎ ብዙ አለቀሰ፣ ለምን እንደሚያለቅስ ያኔ አልነገረኝም። ዓመታት ቆይቶ ነው የነገረኝ። እስኪሞት ድረስ ያቺን ካርቶን ያነሳ ነበር። "አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ" ይል ነበር። ጋሼ ታኮ አንድ ቀን ወቅሶት አያውቅም። አባትህ ግን የእጁን ጓንት በየዓመቱ እየገዛ ይሰጠው ነበር፣ ሁለቱን ጣት ሰፍቶ። ያንን ጓንት የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

ገባህ አይደል? የአንተ መኪና ሃያ ቶን አትጭንም፣ አውቃለሁ። ሼልስሊ ላይ ግን ቀጥታውን መንገድ በሙሉ ጉልበትህ መጥተህ ኤስ የሚሉት ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ትይዛለህ። ጎንና ጎኑ ጠባብ ነው። እዚያ ላይ የምትተማመነው ከስር ባለው ነገር ነው። ከስሯ ሳታይ እንዳትገዛ፣ የአባትህ ልጅ ነህ።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። እዚያ አገር የመኪናዋን የታርጋ ቁጥር ይዘህ የዓመታዊ ምርመራዋን ታሪክ በነፃ በመንግሥት ድረ ገጽ ታያለህ። እንደ እኛ ቦሎ ያለ ነው፣ የእነሱ ግን የወደቀችበትንና የተነገራትን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይጽፋል። የዛሬ አራት ዓመት "ዝገት ጀምሯል" ተብሎ ቀጥሎ ባለው ዓመት ዝም ካለ፣ ተጠግኗል ወይስ ተቀብቷል ብለህ ጠይቅ። ዛሬውኑ እየው። የኤሊዝዋንም እየው።

ጠዋት መኪናዋ ሳትሞቅ ሂድ። ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀህ አስቁምና እስክትቀዘቅዝ ጠብቅ። ሊፍት ያለው ጋራዥ ወስደህ አሰቅላት። እምቢ ካለ ተሰናበተው።

የምትገባበትን ምድብ ሳታውቅ አትግዛ። የመንገድ መኪኖች በሲሲ ይከፋፈላሉ። አብዛኛው ቦታ እስከ 1400፣ እስከ 2000፣ ከዚያ በላይ ነው። ሻጩ ስፕሪንጉን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ኮምፒውተሩን ቀያይሮ ከሆነ ከስታንዳርዱ ምድብ አውጥተው ይበልጥ ከተሻሻሉ መኪኖች ጋር ሊያጋጥሙህ ይችላሉ። "ብዙ ወጪ የወጣባት" የምትባል መኪና ለአንተ ዕዳ ናት። ስታንዳርዷን ፈልግ፣ ጎማዋም ከተፈቀደው ዝርዝር ይሁን። ኢንሹራንስህንም አነጋግር። የመንገድ ኢንሹራንስ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይከፍልም።

ከማዝዳዋ የተረፈህን ብር ለፍሬን አውለው። አዲስ ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት። ከዚያ ሄልሜትና እሳት የማይበላው ቱታ። ሄልሜት የሰው እንዳትገዛ። ምን እንደመታው አታውቅም።

ሌላም መንገድ አለ። በአንድ መኪና ሁለት ሰው መወዳደር ይፈቀዳል ብለኸኝ ነበር። ያ ሊችፊልድ የሚኖረው ጓደኛህ ኤምኤክስ 5 አለው አይደል? ኩርቦሮው የሚባለው መወዳደሪያ ለእሱ ቅርብ ነው፣ ዳገትም የለውም። የጎማና የፍሬን ሸራ ወጪ ተካፍለህ ይህን ክረምት ከእሱ ጋር ስፕሪንት፣ ያን ዳገት የሌለውን የሰዓት ውድድር፣ ሩጥ። ምን ዓይነት መኪና እንደሚስማማህ ያኔ ይገባሃል። ፕሬስኮት የሚባለውን ዳገት ከዚያ በኋላ ትወጣዋለህ።

ተቆጣሁ መሰለኝ። አልተቆጣሁም። አባትህ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ሼልስሊ ቢያመጡት መነሻው ላይ ካለው ሰውዬ ጎን ቆሞ ታኮውን ካልያዝኩ ይል ነበር። ኮራሁብህ ብዬ በአፌ ነግሬህ አላውቅም። ኮርቼብሃለሁ።

ብድሩን ነገ ሰርዝ። ሻጩ እሁድ ሲደውል "እናቴ የስሯን ፎቶ ካላየሁ ብላለች" በለው፣ እኔን ሰበብ አድርገኝ። ማዝዳ ስታገኝ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የበሮቹን ስር፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹን ውስጥና የፍሬን ቱቦዎቹን ቀርበህ አንስተህ በእህትህ ቴሌግራም ላክልኝ። ሶማሌ ተራ ለድሮዎቹ ሰዎቼ አሳያቸዋለሁ።

በርበሬና ሽሮ ለእህትህ ጓደኛ ሰጥቻለሁ፣ ሐሙስ ማታ ሂትሮው ትገባለች። ሰው እንዳታስጠብቅ፣ ቀድመህ ድረስ። ሽሮው በሁለት ላስቲክ ነው፣ ቀይ ክር ያለበት የጾም ነው።

እናትህ